ማክሮዬ ዊንዶውስ ላይ ፋይል ያስመርጣል፤ ማክ ላይ ግን እምቢ ብሏል

መድረኩ ላይ የከፈትኩት የጥያቄና መልስ ክር ረዝሟል። አዲስ የሚመጣው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄውን የጀመርኩት እኔው ከሥር ከመሠረቱ ላውጋችሁ። መልሶቹን አልገለብጥም፤ ቁጥራቸውን እጠራለሁ፣ የፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ ያንብብ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ቡና አጣቢ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሸት ቡና በሚገዛበት ወቅት ስምንት የማጠቢያ ሳይቶች ማታ ማታ ፋይል ይልኩልኛል። የገበሬው ስም፣ ኪሎው፣ የተከፈለው ብር። ከአለታ ወንዶ ይመጣል፣ ከቤንሳ ይመጣል፣ ከይርጋለም ይመጣል። እኔ አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ፤ የፋይል መምረጫ መስኮት ይከፈታል፤ ስምንቱንም በአንዴ እመርጣለሁ፤ ማክሮው፣ ማለትም ኤክሴል ውስጥ የጻፍኩት ኮድ፣ አንድ ሺት ላይ ይሰበስባቸዋል። አራት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ።

ዘንድሮ የባለቤቱ ልጅ ፋይናንሱን ተረከበች። ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል፣ ግን አለቃዬ ናት። ከአዲስ አበባ ስትመጣ ማክቡክ ይዛ መጣች። ፋይሉን ላክሁላት፣ ቁልፏን ተጫነች፣ መስኮቱ ሳይከፈት ኤረር ወጣ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ጥፋቱ የኮምፒውተሯ ነው አልኳት።

ማክሮው የሚጠራው ጌት ኦፕን ፋይልኔም የሚባለውን፣ የመምረጫ መስኮቱን የሚከፍተውን የኤክሴል ትእዛዝ ነው። የኤክሴልና የሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ተራ ጽሑፍ) ፋይል ብቻ እንዲያሳይ ማጣሪያ አድርጌበታለሁ፤ ብዙ ፋይል በአንዴ መምረጥም ፈቅጄበታለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። ዊንዶውስም ማክም ላይ የሚሠራ አንድ ኮድ የለም ወይ? የይርጋለሙ መዝጋቢ ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ፣ በኤክሴል ፈንታ ሊብረኦፊስ ነው ያለው፤ እሱንም አስቡልኝ ብዬ ጨመርኩ። ይህችን ባልጨምር ኖሮ ክሩ በግማሽ ያጥር ነበር።

መልሶቹ

ቁጥር 1 ከአዳማ የጻፈ ሰው ነው፣ ጨዋ። ሰላምታውን ጨርሶ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። ኤረሩ ምን ይላል? የማኩ ኤክሴልስ የትኛው ነው? ሁለቱንም አልጻፍኩም ነበር። ለምን እንደጠየቀም አስረዳኝ። የማክ ኤክሴል 2008 ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ቪቢኤ፣ ጭራሽ የለውም፤ ማይክሮሶፍት የመለሰው በ2011ዱ ነው። ከ2016ቱ ወዲህ ያለው ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ቁጥሮቹ የፈረንጅ ናቸው። የእሷ አዲሱ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥር 2 እኔም ችግሩ አለብኝ፣ ልከታተል ብሎ ጠፋ። እስካሁንም እየተከታተለ ይሆናል።

ቁጥር 3 ነገሩን ከቦታው አገኘው። ጥፋቱ የማጣሪያው ነው አለ። ዊንዶውስ ላይ ማጣሪያ የምንጽፈው መግለጫውን፣ ኮማ፣ ከዚያ ኮከብ፣ ነጥብና የፋይሉን ቅጥያ አድርገን ነው። ማክ ይህን ቋንቋ አይሰማም። እዚያ የሚጠበቀው የድሮው የማክ ባለ አራት ፊደል የፋይል ዓይነት ኮድ ነው። ብዙ በአንዴ መምረጥም አይሆንለትም። ሁለቱንም አንሥተህ ባዶውን ጥራው አለኝ። ሠራተኛው ሲወጣ ማክቡኩን ለምኜ ሞከርኩ። መስኮቱ ተከፈተ! የሚያስመርጠው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ቢሆንም ተከፈተ፤ ፒያሳ ድረስ በእግሬ እያፏጨሁ ነው የሄድኩት።

ቁጥር 4 ሦስተኛውን በትሕትና አረመው። ማጣሪያውን ለሁሉም ካነሣኸው የዊንዶውስ ሰዎችህን ትበድላለህ፣ ኮዱን ለሁለት ክፈለው ነው ያለው። ቪቢኤ ውስጥ በሃሽ ምልክት የሚጀምር ኢፍ አለ፤ ኮምፒውተሩ ማክ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን ይላል። ከተራው ኢፍ ይለያል። ተራው ሁለቱንም ወገን ኮምፓይል ያደርጋል፣ ማለትም ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንብቦ ይተረጉማል። ባለ ሃሹ የማይመለከተውን ወገን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ጥቅሙ ያኔ አልገባኝም ነበር። ቁጥር 9 ላይ ገባኝ።

ቁጥር 5 ደፋር ነው። ጌት ኦፕን ፋይልኔም አርጅቷል፣ ፋይል ዳያሎግ የሚባለውን ተጠቀም፣ ፎልደርም ያስመርጣል፣ ሁሉም ቦታ ይሠራል አለ። ፎልደር ማስመረጡ እውነት ነው። ቁጥር 6 ግን ሁሉም ቦታ የምትለዋን ይዞ ወረደበት። ማክ ላይ ሞክረኸዋል ወይ? በ2011ዱ የማክ ኤክሴል አይሠራም፤ ያልሞከሩትን መምከር ምን ይባላል አለ። ቁጥር 7 ያው አምስተኛው ሰው ነው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ መሞከሩን አመነ፣ ግን እንዲህ መነጋገር አያስፈልግም ነበር ብሎ ተቀየመ። እውነቱን ነው።

ቁጥር 8 ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አንቱ ነው የምንላቸው። ሁለቱን አስታረቁና የራሳቸውን ዘመን አወጉን። ትእዛዝ ሁሉ በእጅ በሚጻፍበት በዶስ ዘመን በፍሎፒ ሲሠሩ መምረጫ መስኮት ብሎ ነገር አልነበረም። የፋይሉን አድራሻ በእጅ መጻፍ ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳቱ እንደገና። አሁንም የፎልደሩን አድራሻ አንድ ሴል ላይ ጻፉና ማክሮው ከዚያ ያንብብ፣ መስኮቱ ምን ያደርጋል አሉ። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ብንሆን እኔም በዚህ እስማማ ነበር።

ቁጥር 9 ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙ ነው። ማክ ላይ ብዙ ፋይል በአንዴ ማስመረጥ ከፈለግህ የኤክሴልን መስኮት ተወው፣ የማኩን የራሱን መስኮት በአፕል ስክሪፕት፣ ማክ በሚታዘዝበት ቋንቋ፣ ጥራ ይላል። በ2011ዱ ይህ በማክ ስክሪፕት ትእዛዝ፣ ኮዱ ውስጥ በተጻፈች አንዲት መስመር ያልቅ ነበር። ከ2016ቱ ወዲህ ኦፊስ ታጥሯል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከግቢው ውጪ ያለ ነገር ለመንካት ዘበኛውን ማስፈቀድ አለበት። ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ መጣ፣ አፕል ስክሪፕት ታስክ። ሦስት ነገር ይቀበላል፤ የስክሪፕቱን ፋይል ስም፣ ውስጡ ያለውን ተግባር ስም፣ የምትልክለትን ጽሑፍ። ስክሪፕቱ መቀመጥ ያለበት በተጠቃሚው ላይብረሪ ሥር፣ አፕሊኬሽን ስክሪፕትስ ውስጥ፣ በኤክሴል ስም የተሰየመው ፎልደር ውስጥ ነው። ማክሮው ራሱ ሊያስቀምጠው አይችልም፤ ሰው በእጁ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ ትእዛዝ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ የለም። በተራው ኢፍ ብትጽፈው የዊንዶውሱ ኤክሴል ገና ሳይጀምር የማላውቀው ስም ብሎ ይቆማል። የቁጥር 4 ሃሽ ለምን እንዳስፈለገ ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 10 እኔ ነኝ። አለቃዬን ላይብረሪ ግቢና ፋይል አስቀምጪ ልበላት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ፎልደሩ ደግሞ አይታይም። ቁጥር 11 በአንድ መስመር ገላገለኝ። ፋይንደር በሚባለው የማኩ ፋይል ማሳያ ላይ ጎ የሚለውን ሜኑ ከፍተህ ኦፕሽን ቁልፍን ስትጫን ላይብረሪ ብቅ ይላል። ብቅ አለ።

ቁጥር 12 ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ግዙላት አለ። ቁጥር 13 ደግሞ አለቃ አይቀየርም፣ የሚቀየረው ሒሳብ ሠራተኛው ነው ብሎ መለሰለት። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ ብዙም አልሳቅሁም።

ቁጥር 14 ከአዳማው ጨዋ ሰው እንደገና ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ሰውየው ሰርዝ ቢል ምን ይሆናል ብለህ አስበሃል አለኝ። አላሰብኩም። ጌት ኦፕን ፋይልኔም ሲሰረዝ የሚመልሰው ሐሰት የሚለውን የቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚል) ዋጋ ነው። ተቀባዩን ጽሑፍ ብለህ ካወጅከው ያ ዋጋ ወደ ቃል ይለወጥና ማክሮው በዚያ ስም የተሰየመ ፋይል ፍለጋ ይወጣል። ብዙ መምረጥ ከፈቀድክ ደግሞ፣ አንድ ፋይል ብቻ ቢመረጥም የሚመጣው ዝርዝር ነው፤ ሲሰረዝ ግን ዝርዝር አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝር ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የአፕል ስክሪፕቱ ሌላ ጠባይ አለው። ሲሰረዝ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 128 የሆነ ኤረር ይወረውራል፤ ስክሪፕቱ ውስጥ ይዘህ ባዶ ጽሑፍ መልስ አለኝ። አንድ ሰርዝ፣ ሦስት ዓይነት መልስ። ለእኔ ከመስኮቱ መከፈት ይልቅ ይህኛው ነው ጊዜ የበላው።

ቁጥር 15 ስለ አድራሻ መለያው ነው። ዊንዶውስ ፎልደሮቹን በባክስላሽ ይለያል። የማኩ 2011 በሁለት ነጥብ ነበር፣ ከ2016 ወዲህ በስላሽ። አፕሊኬሽን ፓዝ ሴፓሬተር ብለህ ኤክሴልን ጠይቀው፣ በእጅህ አትጻፈው አለ። እኔ በእጄ ጽፌ ነበር። የሳይቱን ስም የማገኘው ከመጨረሻው ባክስላሽ ወዲህ ያለውን ቆርጬ ነው። ማክ ላይ ባክስላሽ የለም፤ ስለዚህ የሚቆረጥ አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ ሳይት በሚለው ዓምድ ቤንሳ በሚለው ፈንታ የአለቃዬ የግል ፎልደር አድራሻ ከነሙሉ ስሟ ታተመ። ለባለቤቱም ደረሰ።

ቁጥር 16 ሌላ ጉድ አመጣ። ፋይሎቻችሁን በአማርኛ ትሰይማላችሁ ወይ አለ። አዎ፣ ሳይቶቹ ወሩንና ቀኑን በፊደላችን ነው የሚጽፉት። ቪቢኤ ውስጡ በድሮው የኮድ ገጽ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥ ሰንጠረዥ፣ ነው የሚሠራው፤ ለኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ገጽ የለውም። መስኮቱ የአማርኛውን ስም አጥርቶ ያሳያል። የተመረጠውም አድራሻ በትክክል ይመጣል፣ ወርክቡክስ ኦፕን የሚባለው የኤክሴል ፋይል መክፈቻም ይከፍተዋል። ዲር የሚባለው ፋይል ፈላጊ ግን በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። የመልእክት ሳጥኑም እንዲሁ። ሰው ስህተቱን ሊያጣራ አድራሻውን በመልእክት ሳጥን ያወጣውና ጥያቄ ምልክት ብቻ ሲያይ መስኮቱን ይወቅሳል። እኔ ሁለት ቀን ወቅሼዋለሁ። ፋይል ሲስተም ኦብጀክት የሚባለው ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ይችላል፣ ማክ ላይ ግን እሱ ራሱ የለም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 17 ስለ ፎንት አነሣ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፤ ማኩ ደግሞ ከፋ የሚባል አለው። አንዱ በደጋው አጋዘናችን፣ ሌላው በቡናው አገር የተሰየሙ ናቸው፤ ምን ይሻላችኋል አለ። ቁጥር 18 ከፋን መረጠ። ቁጥር 19 ለቡና ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል ብሎ ቀለደ። ቁጥር 20 ግን ቁም ነገር ያዘለ ጥል አስነሣ። ኅዳር በኅ ነው በህ? አንዱ ፊደል የማያውቅ ትውልድ አለ፣ ሌላው ድምፁ አንድ ከሆነ ምን አስጨነቀህ አለ። እኔ ጣልቃ ገብቼ አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ። ለሰው አንድ ነው፣ ለማክሮ ሁለት ነው። ወሩን ከፋይሉ ስም ሳነብ አለታ ወንዶ በህ የላከው ሳይደመር ይቀር ነበር። ቁጥር 21፣ የመድረኩ ኃላፊ፣ ወደ ርእሱ ተመለሱ አለ። የፋይል ስም የሳይት ቁጥርና ቀን በአኃዝ ብቻ ይሁን ብዬ ለሳይቶቹ የጻፍኩት በዚያ ማታ ነው። ኅውም ህውም ዕረፍት አገኙ።

ቁጥር 22 የሊብረኦፊስ ሰው ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የገባው። ሊብረኦፊስ ፋይል ፒከር የሚባል የራሱ አገልግሎት አለው፤ አንዱ ኮድ ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ ማጣሪያውም በየቦታው አንድ ነው። የሚመልሰው አድራሻ ግን በዩአርኤል፣ በድረ ገጽ አድራሻ፣ መልክ ነው፤ የአማርኛ ስም በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር ተጀቡኖ ይመጣል፣ ኮንቨርት ፍሮም ዩአርኤል ብለህ ትፈታዋለህ። አንድ ወጥመድም ነገረን። ብዙ ፋይል ሲመረጥ ጌት ፋይልስ የሚለው መጀመሪያ ፎልደሩን፣ ቀጥሎ የፋይሎቹን ስም ብቻ ያለ አድራሻ ይሰጣል፤ ጌት ሴሌክትድ ፋይልስ ግን ሁሉንም ከነሙሉ አድራሻቸው። ጥሩ ትምህርት ነው።

ቁጥር 23 አንዲት እህት ናት። እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። የይርጋለሙ መዝጋቢ ፋይል ይመርጣል ወይስ ይልካል? ይልካል። ብቻ ይልካል። ማክሮውን አይቶትም አያውቅም። ሲኤስቪ አድርጎ ካስቀመጠ ኡቡንቱ ሆነ ምን ሆነ ለእኔ ልዩነት የለውም። ሃያ ሁለተኛው ሰው እስከ ዛሬ አላናገረኝም።

ቁጥር 24 ጉግል ሺት ላይ አድርጉት፣ ሁሉም ችግር ያልቃል አለ። ቁጥር 25 ሳይት ላይ ኔትወርክ ሲጠፋስ ምኑ ያልቃል ብሎ መለሰ። ቁጥር 26 ወጣ ያለ ግን ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ከ2022 ወዲህ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ያለን ማክሮ ዊንዶውስ ላይ በነባሪው ያግዳል። መስኮቱ አልተከፈተም የሚለው ሰው ከመስኮቱ በፊት ማክሮው መፈቀዱን ይይ። ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ገብቶ፣ አንብሎክ።

ቁጥር 27 እስካሁን ያልተናገረ ሰው ነው፤ ሲናገር ግን አልማረኝም። በእርስዎ ጀምሮ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንተ አለኝ። ሃያ ስድስት ሰው ሲደክምልህ ኮድህን አልለጠፍክም፣ እንደ ዳቦ ቤት ወረፋ አሰልፈኸናል አለ። ከዚያ በዚያው ንዴቱ ክሩ ውስጥ የተሰጠውን ምርጥ ምክር ሰጠኝ። መስኮቱ የኤክሴል አይደለም፣ የሲስተሙ ነው፤ አንድ ለማድረግ አትድከም። የራስህን አንድ ፈንክሽን ጻፍ። ሁልጊዜ የአድራሻ ዝርዝር ብቻ ይመልስ፤ ተሰርዞ ከሆነ ባዶ ዝርዝር። ሃሹም፣ ማጣሪያውም፣ ስክሪፕቱም እዚያ ውስጥ ይቀበሩ። ሌላው ኮድህ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ማወቅ የለበትም። የፋይሉን ቅጥያም መስኮቱ ያጣራል ብለህ አትመን፤ ከተመረጠ በኋላ ራስህ አጣራ። ስድቡ ቆጨኝ፣ ምክሩን ግን በዚያው ሌሊት ሠራሁበት።

ቁጥር 28 ዘበኛውን አስታወሰን። ፋይሎቹ በስክሪፕት ከተመረጡ ያስመረጠው ኤክሴል አይደለም፤ ስለዚህ ስምንቱን ሲከፍት ስምንት ጊዜ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ግራንት አክሰስ ቱ መልቲፕል ፋይልስ የሚባለውን ጥራ፣ ዝርዝሩን ስጠው፣ አንድ ጊዜ ይጠይቅና ይጨርሳል። የቁጥር 8 ጋሼ ሐሳብ ማክ ላይ የሚጎረብጠውም ለዚሁ ነው። አድራሻውን ሴል ላይ ቢጽፉትም ዘበኛው አለ።

ቁጥር 29 አጭር ናት። ኤል ካፒታን ከሚባለው ከ2015ቱ የማክ ሲስተም ወዲህ ማክ የመምረጫ መስኮቱን ርእስ አያሳይም። የምን ፋይል እንደሚመረጥ ርእሱ ላይ ጽፋችሁ ከሆነ አለቃዋ አላየችውም። እውነትም ያለፈውን ወር የደመወዝ ፋይል መርጣ ነበር። መመሪያውን ከቁልፉ ጎን ሴል ላይ ጻፍኩት፤ በመልእክት ሳጥንማ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ነው።

ቁጥር 30 እኔ፣ ኮዱን የለጠፍኩበት። ፈንክሽኑ ዊንዶውስ ላይ ከነማጣሪያው ብዙ ያስመርጣል። ማክ ላይ ስክሪፕቱ ካለ በስክሪፕቱ፤ ከሌለ በባዶው መስኮት፣ ሰርዝ እስኪባል ድረስ አንድ አንድ እያለ። ሃያ ሰባተኛው ሰው ሁለት መስመር አረመልኝና ደህና ነው አለ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው።

ትናንት ማታ አለቃዬ በማክቡኳ ቁልፏን ተጫነች። መስኮቱ ተከፈተ። መረጠች፣ አንድ ጊዜ ፈቃድ ሰጠች፣ ሺቱ ሞላ። ከዚያ ዞር ብላ ሰባት ነው ያለው፣ ስምንተኛው የት ሄደ አለችኝ። ይርጋለም ስልክ ደወልኩ። መብራት ከከሰዓት ጀምሮ የለም።